ጥቁር ቅጠልና የከሰል አመድ

ባሌ ጀናይኒ፣ አትክልተኛ ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሀብታሞችን አትክልት ሲኮተኩት ነው። ቡሪ ሰፈር ያለው የኛ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ለራሱ የተከለው ሃይድራንጃ የሚባል አበባ ሁለት እግር ብቻ ነበር፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በትልልቅ ጣሳ። ቅጠላቸው እንደ በሰለ ቴምር የጠቆረ ነው። በዚህ ሙቀት ይበቅላል ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም። እሱ ግን እርጥብ ጆንያ ይጋርድላቸዋል፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ያጠጣቸዋል። «የሚወዱት ኮምጣጣ አፈር ነው፤ አመድ እንዳታስጠጊያቸው» ይለኝ ነበር።

ሲሞት ዒዳ ገባሁ። አራት ወር ከአሥር ቀን ከበር አልወጣም። ታላቅ እህቱ ልታስተዛዝነኝ ከዴም ሰፈር መጣች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ስተርክ ግን አልልም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በተኛሁባቸው ሳምንታት ያበሰለችው፣ ያጠበችው፣ ለቀስተኛ የተቀበለችው እሷ ናት። አላመሰገንኳትም። ምላሷ አያርፍም፦ «ምን ያለ ጥቁር ቅጠል ነው። ጎመን ቢተክልበት ምን ነበረበት?»

አንድ ጠዋት ወደ ግቢው ስወጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ጠቁሮ የቀረው የቅጠሉ ጅማት ብቻ ነው። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። ግራጫ ሆኖ ወጣ።

«እትዬ፣ አመድ አድርገውበታል?»

«ወር ሊሆነው ነው፤ የከሰሉን። ወሎ እናታችን በርበሬውን በምን ነበር የምታሳድገው? አመዱን የሚሸከምላትም ባልሽ ነበር።»

«እዚህ ወሎ አይደለም።»

«ያላ፣ አሁን ደግሞ ለቅጠል አልቅሺ። ለወንድሜ እንኳ እንዲህ ስትሆኚ አላየሁም።»

ጣሳዎቹን ገልብጬ ሥሮቹን ማጠብ ጀመርኩ። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እጇን ዘረጋች።

«አይንኩት።»

«ወንድሜ የተከለው ነው እኮ።»

«እሱ ተከለው፤ እርስዎ ገደሉት። በቃ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ዕለቱን ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ሄደች። ዒዳዬ ገና አላለቀም ነበር።

አንደኛው ተክል ደረቀ። ሁለተኛው ከሥር አቆጠቆጠ፤ ሦስት ቅጠል፣ ሦስቱም ጥቁር። በዚያው ሰሞን ስልክ ደወለች። ከሰላምታው በኋላ፣ «አበባው ተረፈ?» አለችኝ።

ያቆጠቆጠው ተክል ፊት ለፊቴ ነበር።

«ሞተ» አልኳት።

ስታለቅስ ሰማኋት። «ወላሂ፣ የጠቀምኩት መስሎኝ ነው» አለች። ልነግራት እችል ነበር። «ደህና ይዋሉ» ብዬ ዘጋሁት።

ድንገት ብትመጣ እንዳታየው ጣሳውን ከኒሙ ሥር አንስቼ ከማድ ቤቱ ጀርባ አድርጌዋለሁ። እዚያ የከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል፤ የቅጠሎቹ ጫፍ መቃጠል ጀምሯል። ሁለተኛ ጆንያ ደርቤበታለሁ።