ፊቴን ሳላዞር ያልሁት «ይማርሽ»

በመጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነበር። ልጄ ማኅሌት ማእድ ቤቱ በራፍ ላይ ትጫወታለች፤ እኔ በውስጠኛው ክፍል መጻሕፍቴን በሲባጎ አስራለሁ። «ይማርሽ» አልኋት፤ ፊቴን ግን አላዞርሁም። ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ በስተርጅና ያገኘኋት ይህች ልጅ ገና አፏን ስትፈታ ነው «ያኑርህ» ብሎ መመለስን የተማረችው፤ ሲያስላትም ሲያስነጥሳትም መልሷ ዘግይቶ አያውቅም። ያን ቀን መልስ አልመጣም። ሌላ ሳል መጣ። ከዚያም ሽታው።

ይህን ነገር ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት የሌሎችን ታሪክ ነው፤ የራሴን ማውራት ልማዴ አይደለም። አሁን የምጽፈው፣ ልጁ ላምባ ጠጥቶበት በሐኪም ቤት ኮሪደር የቆመ ወላጅ ያነበው እንደሆነ፣ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቅ ዘንድ ነው።

ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን እየፈረሰ ነበር። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ባለቤቴ ስንዱ የመጀመሪያውን ጭነት ይዛ ጠዋት ሄዳለች፤ እኔ መጻሕፍቱንና ልጅቱን ልጠብቅ ቀረሁ። ምድጃችን ውስጥ የተረፈው ላምባ በጉዞ ላይ ፈስሶ መጻሕፍቱን እንዳያበላሽ ብዬ ወደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ገለበጥሁት። ክዳኑን ስፈልግ አንዱ እስር ተፈትቶ መጻሕፍቱ ሲበተኑ ሰማሁ፤ ፕላስቲኩን መሬት ላይ ትቼ ወደዚያ ሄድሁ። ጥንቃቄዬ ሁሉ ለመጻሕፍቱ ነበር። ልጄ የምታውቀው ደግሞ እንዲህ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ውሃ መኖሩን ብቻ ነው።

ስደርስ ፕላስቲኩ ተጋድሟል። አገጯና ቀሚሷ ርሷል። ታስላለች።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተትሁ። አስመለሳት። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ወተት አጠጣኋት። እንደገና ጣቴን ከተትሁ። እንደገና አስመለሳት። ሳሉ ባሰ። ትንፋሿ አጠረ። በተነፈሰች ቁጥር በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቆረ።

አቅፌያት ወጣሁ። የጎረቤቶቼን ስም እየጠራሁ ከቤት ቤት ሮጥሁ። ሁሉም ቀድመውን ሄደዋል። በሮቹ ተነቅለዋል፤ ድምፄ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ወደ እኔው ይመለሳል።

መንገዱ ዳር አሮጌ በርና ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። የፈረሰ ቤት ዕቃ የሚገዙትን እነዚህን ሰዎች ሰሞኑን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞርባቸው ነበር፤ ሬሳ ላይ የሚያንዣብብ ጥንብ አንሳ ይመስሉኝ ነበር። ከጋቢናው አንዲት ሒጃብ የለበሰች ሴት አየችኝ። ዘቢባ እንደምትባልና ቄራ አካባቢ አሮጌ በርና መስኮት እንደምትሸጥ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ምን ሆና ነው?»

«ላምባ…»

«ይግቡ ጋሼ! ከድር፣ አስነሳው!»

ልጄን ተቀብላ ጭኗ ላይ ቀና አድርጋ ያዘቻት። ባምቢስ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል።

«ክላክስ አድርግ እንጂ!» አለችው ሾፌሩን። «ለሠርግ ሲሆንማ ጆሮ ታደነቁራለህ።»

«አደረግሁ እኮ! ሰውዬው ስልክ ያወራል፣ ልውጣበት?»

በመስኮት እስከ ወገቧ ወጣች። «ወንድሜ! ስልኩ ይደርሳል፣ ልጅ እየሞተችብን ነው! ዳር ያዝ!» መኪናው ዳር ያዘ። ከፊቱ ያለውም ዳር ያዘ።

«የልጅ ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት።»

«አላህ ያሳድግልዎት» አለች፤ ልጅቱ እየሞተች መሆኗን በጮኸችበት በዚያው አፍ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ድንገተኛ ክፍል ልብሷን አውልቀው ገላዋን አጠቡ፤ ኦክስጅን አደረጉላት። ከንፈሯ ጥቂት ቀላ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«አስመልሷታል?»

«አዎ።»

«በራሷ ነው ወይስ እርስዎ አስመልሰዋት?»

«በራሷ።»

ዋሸሁ። ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ እያየሁ ስሜን ጠበቅሁ። ሐኪሟ ተራ ክፍል እንድትተኛ ለነርሷ መናገር ጀመረች።

ዘቢባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የኮቴን እጅጌ ተመለከተች፤ ቀረብ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ይሄ ወተት አይደለም? ይንገሯት። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ መሄድ እችላለሁ። እሷ ግን ለራሷ መናገር አትችልም።»

ተናገርሁ። ወተቱን፣ ጣቴን፣ ሁለቴ መሆኑን።

«አባቴ፣ ልወቅስዎት ብዬ አልጠየቅሁም» አለች ሐኪሟ። «ላምባ ብዙውን ጊዜ ሆድ ውስጥ ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲያስመልሳት ነው ወደ ሳንባ የሚገባው፤ ወተቱም አብሮ ይገባል። ኤክስሬዩ አሁን ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ እሱን አላምንም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትገባለች።»

ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ደከመ። መተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጓት። ኬሚካል ኒሞናይቲስ ነው አሉኝ፤ ላምባው የሳንባዋን ውስጥ አቃጥሎታል። «ትድናለች?» አልሁ። «እየሞከርን ነው» አሉ። ተራ ክፍል ብትሆን ኖሮ ማሽኑ አጠገቧ አይኖርም ነበር። ይህን አስብና ተቀምጬ መቆየት ያቅተኛል።

ዘቢባ ከድርን ወደ ቤቴ ልካው ነበር፤ ቤቱ እንደተከፈተ ነው የወጣሁት። ስንዱ ከጎተራ ስትመለስ በራችን ላይ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ብታይ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ሌባ ብሆን መጽሐፍ ነው የምሰርቀው?» አላት። ከዚያ ነገራት፤ በዚያው መኪና ይዟት መጣ።

የሆነውን ሁሉ ለሚስቴ ነገርኋት። «ክዳኑስ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሳልከድነው ሄድሁ» አልኋት። አጠገቤ ተቀመጠች። ተነሥታ አልሄደችም።

ትኩሳቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ከዚያ ቀስ በቀስ እየበረደ ሄደ፤ ማሽኑ ተነቀለላትና ኦክስጅኑ እየተቀነሰ ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛወረች፤ ዘቢባም ከሥራዋ መልስ ብርቱካን ይዛ ብቅ እያለች፣ የትኛው በር ሲከፈት እንደ ድመት እንደሚጮኽና የትኛው እንደ ሽማግሌ እንደሚያቃስት በድምፅ እየለየች ታሳያት ጀመር። ሳሉ ግን አልለቀቃትም፤ ባስላት ቁጥር «ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷ ታየኛለች፣ አትመልስም። ሐኪሟ ቱቦው ጉሮሮዋን ስላቆሰለው ነው፣ ይመለሳል አለችኝ፤ እኔ ግን ልጄ የተቀየመችኝ እየመሰለኝ ዐይኗን ማየት እፈራ ነበር።

አንድ ጠዋት ስንዱ ብርቱካን ስትልጥ ማኅሌት አሳላት። «ይማርሽ» አልኋት። «ያኑርህ» አለች፤ በሻከረ፣ ባረጀ ሰው ድምፅ። ስንዱ መላጧን አቆመች። በመኪናው ውስጥ ያቃተኝን አሜን ያኔ አልሁት።

ዘቢባን ላመሰግናት ስሞክር ሳቀችብኝ፤ «ያን ቀን ስድብ የጠገበው ከድር ነው፣ እሱን ያመስግኑ» አለችኝ። ሁለቱንም፣ ዳር የያዙትን ሾፌሮች፣ ያችንም ወጣት ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ለእናንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። ላምባም ሆነ በረኪና በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፤ ለአፍታም ቢሆን። ልጅ ከጠጣ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ወተት አትስጡ፤ ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት አድርሱት። እዚያም ስትጠየቁ ያደረጋችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ እፍረታችሁ ከልጁ ሳንባ አይበልጥም። ጎረቤት ባጣችሁበት መንገድ ላይ ደግሞ ጩኹ፤ የሚሰማ አለ።

አሁን ጎተራ ነን። መጻሕፍቱ ገና እንደታሰሩ ናቸው። ማኅሌት አልፎ አልፎ ያስላታል፤ እኔም መጀመሪያ ዞሬ አያታለሁ፣ «ይማርሽ» የምላት ከዚያ በኋላ ነው።