ማርታ ያጠበችው እግር

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! አያንቱ እባላለሁ፤ ከሱሉልታ ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጣሁት። አማርኛዬ ከኦሮምኛ ቢቀላቀልባችሁ ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የቆምኩት። ጎፍታን ሃ ገለቶሙ! ጌታ ይመስገን!

እግሬ ማበጥ የጀመረው በወጣትነቴ ነው፤ ዝሆኔ የሚሉት በሽታ። በባዶ እግሬ ቀዩን አፈር እየረገጥኩ አረም ሳርም፣ እህል ሳጭድ ነው የኖርኩት። እየቆየ ቆዳው ተሰነጠቀ፣ ፈሳሽ አወጣ፣ ሸተተ። ሰው ከሰው ሽታ ይሸሻል፤ ከራሱ ሽታ ወዴት ይሸሻል? ባሌ ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው ደጅ ቆሞ ተመለሰ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጫልቱ። ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ሽማግሌዎች እግሬን ሲያዩ፣ «ይህ እርግማን ነው፣ በዘር ይወርዳል» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ልጄ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ዐረብ አገር ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ፣ «አምላክ ሆይ፣ ካለህ ግደለኝ» የሚል ብቻ ሆነ።

ማርታ የመጣችው ያኔ ነው። የቡራዩ ልጅ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኗ በጎ ፈቃደኞች ጋር በየገጠሩ እየዞረች እንደ እኔ ያሉትን ታጥብ ነበር። ሳፋና ሳሙና ይዛ ደጄ ቆመች።

«አከም ጅርቱ፣ አዴ አያንቱ?» ብላ በኦሮምኛ እንደምን ነሽ አለችኝ።

«ሂጂ! እኔ ትርኢት ነኝ እንዴ?» አልኳት።

«እሺ እናቴ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለች።

ተመለሰች። አባረርኳት። ደግማ መጣች! ዝናብ ይጥል ስለነበር አሳዘነችኝና አስገባኋት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ታጥበው ጀመር። መቼ ነው የምትጸየፈኝ እያልኩ ፊቷን ፊቷን አያለሁ። አልተጸየፈችኝም! ወገኖቼ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። አለቀስኩ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጊው?» አልኳት።

«ኢየሱስ እኔንም አጥቦኛል፣ እናቴ።»

እዚያው ጌታን ተቀበልኩ፤ ሃሌ ሉያ! ሐኪም ቤትም ወሰደችኝ። ሐኪሙ፣ «ይህ እርግማን አይደለም፤ ከአፈሩ የመጣ ነው። እግርዎ እንደ ድሮው አይሆንም። ግን በየቀኑ ካጠቡት፣ ጫማም ካደረጉ፣ ቁስሉ ይደርቃል» አለኝ። እውነትም ደረቀ፣ ሽታውም ጠፋ። እብጠቱ ግን ይኸው፣ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ማርታ ሞተች። ወደ እኛ ስትመጣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። «ጌታ ሆይ፣ እኔን አሮጊቷን ትተህ እሷን?» ብዬ ጮኽኩ። መልስ አላገኘሁም። አልዋሻችሁም፣ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ቡራዩ ለቅሶ ሄድኩ። እናቷን ጸዳለን ፈራኋት፤ «ልጄ ባንቺ ምክንያት ሞተች» ትለኛለች ብዬ። በሩ ላይ ቆሜ፣ «አያንቱ ነኝ» አልኩ። ተነሥታ መጣች።

«እግርሽን አሳዪኝ» አለችኝ።

ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ጫማዬን አወለቅኩ። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። «ልጄ ስለዚህ እግር ነበር ሁልጊዜ የምትነግረኝ። ደርቋል እኮ!» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ።

ዛሬ ጸዳለና እኔ እንደ ማርታ እግር ልናጥብ አብረን ነው የምንወጣው፤ ወደ ሱሉልታ ገጠር፣ ወደ ሰበታም። አንዳንዱ ያባርረናል። አንዳንዱ ዘንድ ስንደርስ ጊዜው አልፏል፤ ቀብረን እንመለሳለን። የጫልቱንም ድምፅ አልሰማሁም፤ ጸልዩልኝ። ግን ጌታ ብቻዬን አልተወኝም፤ ስሙ ይባረክ!

እዚህ መካከል ሰው የሸሸው፣ ሞትን የሚለምን ወገን ካለ፣ ጌታ አይሸሽህም፤ አይሸሽሽም። እመኑት። ጉባኤው ሲያበቃ እኔና ጸዳለ ከፊት አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ኑ፣ አብረን እንጸልይ።