ለአጅሬ ጓደኛ ያመጣን ጊዜ

ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ጋሼስ? ወዴት ሄዱ?» ይለኛል። «ልጃቸው ጋ ናቸው» እላለሁ። «ምነው፣ ታመሙ እንዴ?» ሲለኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ነገሩ ረጅም ነው። እኔ ደግሞ መቀስ ይዤ ማውራት አይሆንልኝም፤ ሳልይዝም ያው ነው። ሰፈሩ «ድምፄ» የሚለኝ ለዚህ ነው፣ ድምፅ ስለሌለኝ። ስለዚህ እንደምንም ጽፌ አግዳሚው ላይ ላስቀምጠው አልኩ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል፣ እኔም ከመጠየቅ እድናለሁ።

ጋሼን ለማያውቅ ሰው፣ የዚህ ፀጉር ቤት ባለቤት ናቸው። ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ፣ ከነጭ ጋዋናቸው ኪስ ማበጠሪያ የማይጠፋ። እኔ ፎጣ አጥባለሁ፣ ፀጉር እጠርጋለሁ፣ ልጆች እቆርጣለሁ። ትልቅ ሰው የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ሕግ አላቸው። ከመንገድ እንደገባ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም፣ ሰውየው ቢቸኩልም፣ መጀመሪያ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። «አንገቱ ይፍታታ። የተገተረ አንገት ላይ ምላጭ ይስታል» ይላሉ። ታክሲ ነጂው ደንበኛችን ተረጋግቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ እየተነጫነጨ ነው የሚቀመጠው።

«ጋሼ፣ የኔ አንገት እኮ ቤቴ ነው የተፍታታው።»

«እንግዲያው ቤትህ ተቆረጣ።»

ከአግዳሚው ፊት ለፊት የዓሣው ገንዳ አለ። ያስገቡት የጋሼ ባለቤት እትዬ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጆች መቀስ ሲያዩ እንዳያለቅሱ ብለው ነው። ውሃው እንደ ባሕር ጨው ያለበት ነው። ውስጡ ድንጋይና ኮራል አለ። መሃል ላይ ደግሞ እንደ ጣት የሚወዛወዝ ለስላሳ ነገር አለ፤ እኛ አበባው እንለዋለን እንጂ አበባ አይደለም፣ ሌላ ዓሣ ቢጠጋው ያቃጥለዋል። እዚያ ውስጥ ሳይቃጠል የሚኖር ብርቱካንማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ዓሣ አለ። ክላውንፊሽ ነው የሚሉት። እኛ አጅሬ አልነው።

ድሮ ሁለት ነበሩ። እትዬ ያረፉ ዓመት ትንሹ ከገንዳው ዘሎ ወጣ። ጠዋት ወለል ስጠርግ ከፀጉሩ ጋር ደርቆ አገኘሁት። ጋሼ አዩት፣ በንጹህ ፎጣ ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲህ አጅሬ ብቻውን ቀረ። እሱን እያዩ ማልቀስ ይረሱ የነበሩ ልጆች አድገው ጢማቸውን ሊላጩ መጡ፤ አጅሬ እዚያው ብቻውን ነው።

ብቻውን ሲኖር ጠባዩ ከፋ። እጁን ውሃ ውስጥ የከተተን ሁሉ ይነክሳል። አያቆስልም፣ ግን ያስደነግጣል። ጋሼን ብቻ አይነካም። ምግቡን ከጣታቸው ይበላል፤ ሲጠግብ መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ ጋደም ይላል። እሳቸውም እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይቆማሉ። ደንበኛ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። ማንም አይናገራቸውም።

የጋሼ እግር ግን አልቆ ነበር። ዕድሜ ልክ መቆም ቀላል አይደለም። ጉልበታቸው ያብጣል፣ ማታ ጫማቸውን እኔ ነበርኩ የማወልቅላቸው። ልጃቸው በየሳምንቱ ትደውላለች። የስልካቸው ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማለሁ።

«አባዬ፣ አይበቃህም? ክፍሉን አዘጋጅቼልሃለሁ እኮ።»

«ዓሣውን ለማን ጥዬ?»

«ለድምፄ ስጠው!»

«ይነክሰዋል።»

እውነታቸውን ነው፣ ይነክሰኛል። ይባስ ብሎ ከእኔ አይበላም። አንድ ሰሞን ወገባቸውን አሟቸው ቤት ሲውሉ የሰጠሁትን ሁሉ ተፋው። አበባው ውስጥ ተደብቆ ከሳ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳይሻላቸው እያነከሱ መጡ። እንግዲህ እንዲህ ነበር የታሰሩት። መሥራት አቅቷቸዋል፣ መተው ደግሞ አልቻሉም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እኩያቸው ነው፤ አይፈራቸውም። አንድ ቀን ጋሼ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ እንደከተቱ ጉልበታቸው ሲከዳቸው አየ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ዓሣ ሚስት ቢኖረው ዞር ብሎም አያይህ። ዳረውና ተገላገል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። በማግስቱ ፎጣ ሳጥፍ አጠገቤ መጡና ቀስ ብለው፣ «እስቲ እንሞክር» አሉኝ። «እሱ ጓደኛ ካገኘ እኔም አርፋለሁ።»

ዓሣ የሚሸጥበት ቤት አብረን ሄድን። ባለቤቲቱ ስላልነበረች ወንድሟ ነው ያስተናገደን። ትንንሾቹ ባንድ ወገን፣ አንዲት ትልቅ፣ ደልደል ያለች ለብቻዋ በሌላ ወገን። ጋሼ አላመነቱም።

«ለሽማግሌ ልጅ አይዳርም፤ ነውር ነው። አቻውን ነው» አሉና ትልቋን አሳዩት።

ጨዋ ሰው ናቸው፤ ስህተታቸውም ከጨዋነታቸው መጣ።

ስንመለስ ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቷል። ጋሼ ሙሽራዪቱን ወደ ገንዳው ለቀቋት። ከዚያ አጅሬ እንደ ጥይት ተወረወረ። አፍ ለአፍ ተያያዙ፣ አሸዋው ተነሳ፣ ውሃው ደፈረሰ። እሷም አልተኛችለትም። ስንቆይበት ራሱ አረፋ መቀባት የጀመረው ታክሲ ነጂ ግማሽ ጢሙን ነጭ እንዳደረገ ከወንበሩ ዘሎ ወርዶ «ገላግሏቸው እንጂ! ገላግሏቸው!» ይላል። እኔ በመረብ እያሳደድኩ በመከራ አወጣኋት። ክንፏ ተቀዳዷል። የአጅሬም ከንፈር ተልጧል።

በባልዲ ይዘናት ወደ ዓሣ ቤቱ ስንመለስ ባለቤቲቱ ነበረች። ሁሉን ሰማች፣ ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ሁለት እመቤት ባንድ ቤት? የእርስዎ ዓሣ እኮ ሴት ናት!»

እነዚህ ዓሦች ሲፈለፈሉ ሁሉም ወንድ ናቸው አለችን። ትልቁና ኃይለኛው ኋላ ሴት ይሆናል። ይሄን ያህል ዘመን የቤቱ አለቃ ሆኖ የኖረማ ያለ ጥርጥር ሴት ሆኗል አለች። የሚሆናት ትንሽ፣ ገና ልጅ የሆነ፣ የሚታዘዛት ነው። ትልቅ ከገባባት አንዷ እስክትሞት ይጣላሉ።

ፀጉር ቤት ተመልሰን ስንናገር ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን ያዘ። «ስንት ዘመን አጅሬ እያልን ስንጠራት፣ ለካ አጅሪት ናት!»

«ለዚህ ነዋ የምትነክሰን» አለ ታክሲ ነጂው። «እኔስ ሴት ሆኜ ሁልጊዜ አቶ እያሉ ቢጠሩኝ፣ መቼ ዝም እል ነበር?»

ጋሼ ግን ጨዋታው ውስጥ አልገቡም። ደንበኛ እያለ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው፣ ያን ቀን በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። «ተዉት» አሉ። «ደክሞኛል። ሰላሟንም አልነሳት። እዚሁ አብረን እናረጃለን።»

ሰው ሲወጣ መጥረጊያውን ይዤ ወለሉን ጠረግሁት፤ የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁ። መናገር የፈለግሁት ነገር ነበር፣ አልወጣልህ አለኝ። በመጨረሻ ወለሉን እያየሁ፣

«ጋሼ… አግዳሚው ላይ እኮ አላስቀመጥናትም» አልኩ።

«ምን?»

«ከመንገድ እንደመጣች… ወንበሩ ላይ ነው ያወጣናት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ክፉ የተናገርኩ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «አንተ ልጅ፣ በዓመት አንዴ ተናግረህ ሰው ትገላለህ» አሉኝ።

በዚህ ተነሳን። አዲስ የፕላስቲክ ሳጥን አመጣሁ። ልብስ ሰፊው ወስፌውን እሳት ላይ እያጋለ፣ ውሃ እንዲያሳልፍ ዙሪያውን በሳው። «እድሜዬን ሙሉ ለሙሽራ ስሰፋ ኖሬ ለዓሣ እስር ቤት ልሥራ? ውርደት ነው!» ይላል፣ ግን ቀዳዳዎቹን እንደ ስፌት እኩል እኩል አደረጋቸው። ባለቤቲቱ ከሁሉ ያነሰውን መርጣ ሰጠችን፣ የትንሿን ጣቴን ጫፍ ቢያክል ነው። ውሃውን ቀስ በቀስ አለማመድነው፣ ከዚያ ከነሳጥኑ አስገባነው። ሳጥኑን በፀጉር መቆንጠጫ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ያዝነው። ይኸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አጅሪት መጣች። ሳጥኑን በግንባሯ መታችው። ትንሹ ጥግ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ስትመታ ዋለች፤ በማግስቱም እንዲሁ። እየቆየ ግን መምታቱን ተወችና ቆማ ታየው ጀመር። ሄዳ ትመለሳለች፣ ታየዋለች። ጋሼም ሲቆርጡ በመስታወት እሷን ያያሉ። አግዳሚው ላይ ያለውም ሰው ያያል። ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ፤ «እንዴት አደሩ?» የሚሉን ስለ እኛ አልነበረም።

ዓሣ ሻጯ ሴትዮ እንደመከረችን፣ ሊለቀቅ ሲል ጋሼ ድንጋዮቹን አዘዋወሩ፣ ቤቱ ለእሷም አዲስ እንዲሆንባት። መብራቱን አጠፋን። ሱቅ ልንዘጋ ስንል ሳጥኑን ከፈትኩ።

ትንሹ ወጣ። ወዲያው አጅሪት መጣችበት። እሱ ግን አልሸሸም። በጎኑ ጋደም ብሎ ከራሱ እስከ ጅራቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚሞት መሰለኝና መረቡን አነሳሁ። ጋሼ እጄን ያዙ።

«ተው። ሴትዮዋ ነግራኛለች። ‹እሺ እመቤቴ› እያላት ነው።»

ዞረችው። ነካ አደረገችው። እንደገና ተንቀጠቀጠላት። ጋሼ ትከሻዬን ተደግፈዋል፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በትከሻዬ ይሰማኛል። «ይቀመጡ» አልኳቸው፣ አልሰሙኝም። በመጨረሻ እሷ ወደ አበባው ሄደች። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ተከተላት።

ጠዋት ስንገባ ሁለቱም አበባው ውስጥ ናቸው፤ እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ።

ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ምግብ ይዘው እጃቸውን ከተቱ። መጣች። ከጣታቸው ወሰደች፣ ወዲያው ተመልሳ ወደ ትንሹ ሄደች። መዳፋቸውን ዘረጉላት። አልመጣችም። ብዙ ጠበቁ፤ እጅጌያቸው ወርዶ ረጠበ፣ እጃቸውን ግን አላወጡም። እኔ ፎጣ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ እጃቸውን አወጡና «አንተ ስጣት» አሉኝ።

ፈራሁ። ግን ከተትኩ። ጣቴን ነከስ አደረገችኝ፤ ከዚያ ምግቡን ወሰደችና ዋጠችው።

«በላች» አሉ።

«በላች፣ ጋሼ።»

ልጃቸው ስትደውል ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው ግን ዓሣውን አላነሱም። እሷ ናት «ዓሣውስ?» ያለችው።

«ምክንያቴን ወሰደብኝ፣ ልጄ። ነይ ውሰጅኝ።»

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ጋዋናቸውን አውልቀው ከነማበጠሪያው ሰቀሉት። «እስቲ ቁረጠኝ» አሉኝ። ትልቅ ሰው ቆርጬ አላውቅም። ወንበሩን ወለወልኩ፣ ጨርቁን አራገፍኩ። እሳቸው ግን ወንበሩን አልፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ። አንገቴ ይፍታታ።»

እግራቸውን ዘረጉ። ፊት ለፊታቸው አጅሪት ትንሹን እያስከተለች ትዞራለች። ጥቂት አዩዋቸው፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። እንቅልፍ ወሰዳቸው። አልቀሰቀስኳቸውም።

ታክሲ ነጂው እንደ ልማዱ እየተጣደፈ ገባ። ባዶውን ወንበር አየ።

«ድምፄ፣ ወረፋ አለ?»

«አለ» አልኩት። «ጋሼ ናቸው።»

አያቸው። የታክሲውን ቁልፍ ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና፣ ያለ ወትሮው ሳይነጫነጭ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ።