አባባና ያልደረቀችው ታንኳ

ከጎርጎራ በወጣንበት ሌሊት አባባ ሁለት ጊዜ ከታንኳ ወርደው ወደ ቤት ተመለሱ። መጀመሪያ በሩን ሊዘጉ ነው። ጣልያን በማግስቱ ሊያፈርሰው የቆረጠውን ቤት «ጅብ እንዳይገባ» ብለው በዘንግ ደግፈው ዘጉት። ቀጥሎ ደግሞ መዘጋቱን ሊያዩ ነው። እኔ ትንሿን ልጄን አዝዬ፣ ትልቋን በእጄ ይዤ፣ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቆሜ፣ ሦስተኛ እንዳይመለሱ ዱዓ አደርጋለሁ። ባሌ እድሪስ ግን ይስቃል። «ተያቸው፤ ቤታቸውን ሲሰናበቱ ነው» አለኝ። ስንብት አልነበረም። መዝጋታቸውን ረስተውት ነው።

እናንተ ጎርጎራ የቀራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ እንደ እኛ ተሰዶ ይህን ለሚያነብ ግን ልናገር። ጣልያን ዳርቻውን ለወደብ ፈለገውና፣ በውኃው ጠርዝ ያለን ሰዎች ቤታችንን ለቀን ወደፈለግንበት እንድንሄድ ተነገረን። የእድሪስ እኅት ባሕር ዳር አግብታ ስለነበር ወደዚያ እንሻገር አልን። ንብረታችን የአባባ ታንኳ ናት፤ ደንገል አስረው በእጃቸው የሠሯት፣ እህልም ሰውም የምትጭን ትልቅ ታንኳ። አባባን፣ አያ ሰይድን፣ በሐይቁ ዙሪያ የማያውቃቸው የለም፤ ሰው ሲያሻግሩ ነው ያረጁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን መርሳት ጀምረው ነበር። የልጆቼን ስም ያቀያይራሉ። ምሳ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ «ምሳ አይቀርብም?» ይላሉ።

ውኃው ላይ ሲወጡ ሌላ ሰው ሆኑ። ዳርቻ ዳርቻውን ይዘን፣ ቀን እየቀዘፍን ማታ እያደርን ስንመጣ፣ ነፋሱ ሳይነሣ መነሣቱን ይነግሩናል። ድንጋይ ያለበትን፣ ጉማሬ የሚተኛበትን ያውቃሉ። በየማደሪያው ታንኳዋን ከውኃ አውጥተው ዛፍ አስደግፈው ያቆሟታል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ከከበደ ይሰምጣል። አንድ ማታ እድሪስ ደክሞት «ዛሬስ ተጋድማ ትደር» ቢላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ልትፈጅ ነው?» ብለው ተቆጡት። እንዲህ አድርገው በደኅና አድርሰውን፣ ባሕር ዳር ወርደን ዕቃችንን ስናራግፍ ግራ ቀኙን አይተው፣ «ጥሩ አገር ነው። በሉ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ» አሉ።

ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ ኑሮው ግን ያው እንዳይመስላችሁ። የጎርጎራ ነፋስ ማታ ማታ ደጅ ያስቀምጣል፤ የዚህ አገር ትንኝ ሳይመሽ ቤት ያስገባል። እንጀራው የዳጉሳ ነው። ልጆቼ መጀመሪያ ቀን አይተው «አረረ እንዴ?» አሉኝ፤ አሁን የጤፍ ብሰጣቸው ነጣ ብለው ይመልሱልኛል። ሰዉ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። አባባን ያስቸገረቻቸው ፀሐይ ናት። ጎርጎራ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ለቆመ ሰው ፀሐይ በግራው ትወጣለች። እዚህ ውኃው በሰሜን ስለሆነ በቀኝ ትወጣለች። አባባ ሱብሒ ሰግደው ደጅ ይቆሙና፣ «ዘይነብ፣ ይህች ፀሐይ ዛሬም ተሳሳተች» ይሉኛል። ከዚያ እሷን በግራቸው አድርገው ሐይቅ ፍለጋ ይሄዳሉ። እኩለ ቀን ላይ ከሰው እርሻ መሐል እናገኛቸዋለን።

እኔ መቼም ፈሪ ነኝ፤ ልጅ ሲያስነጥስ ከእንቅልፌ የምነቃ ሴት ነኝ። መላ ፈለግሁ። የፍየል ቃጭል ከጋቢያቸው ጫፍ ሰፋሁላቸው፤ ከቤት ሲወጡ እሰማለሁ ብዬ። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። «ይህች ፍየል የማን ናት? ከጧት ጀምሮ ትከተለኛለች» አሉ። የሰው ሐቅ ነው፣ ለባለቤቷ ላድርስ ብለው ከደጅ ደጅ እየዞሩ መጠየቅ ያዙ። ያለ ቃጭል ግማሽ ቀን ይጠፉ የነበሩ ሰው በቃጭል ቀኑን ሙሉ ጠፉ። ፈታሁት።

ሐይቁን ያገኙት ዕለት ደግሞ ይብሳል። ታንኳዋን ገፍተው ይገባሉ። ጣልያን ያለ ፐርሜሶ፣ ማለት ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ ማንም ውኃ ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል። ሞቶስካፎ የሚሉት የሞተር ጀልባቸው ሲዞር ይውላል፤ ቁም ሲሉት ያልቆመ ይተኮስበታል። አባባ ደግሞ እንኳን ለወታደር ለነፋስም ቆመው አያውቁም። መቅዘፊያቸውን ብደብቅ የአከራያችንን የበር መወርወሪያ ነቅለው ሄዱ። ታንኳዋን ከዛፍ ብናስራት ቋጠሮውን እያዛጉ ፈቱት። ሰው «ሽጪያትና ተገላገይ» ይለኛል። ብሸጣት የሰው ታንኳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ስማቸው ሌባ ይሆናል።

መላውን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ማግስት ታንኳዋ ወድቃ ውኃ ጠጥታለች። አባባ መጥተው አፍንጫዋን፣ የፊት ጫፏን፣ ብድግ አድርገው መዘኗት። ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጧት። «ርጥብ ናት፤ ነገ» አሉና በገዛ እግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ቁርሳቸውንም በሉ። የልጅ ልጃቸው ስም የጠፋቸው ሰው የርጥብ ደንገል ክብደት አልጠፋቸውም።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ታንኳ ማጋደምና ማርጠብ ሆነ። ጠዋትና ማታ በገንቦ ውኃ እየቀዳሁ አፈስባታለሁ። አባባ ይመጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ «ነገ» ይላሉ፣ ይመለሳሉ። የዳርቻው ሰው ግን ያየኛል። ታንኳን አጋድሞ መተው ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የማንም ትሁን የማን፣ የተጋደመች ታንኳ ያየ መንገደኛ አንሥቶ ያቆማታል። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው አከራያችን አለባቸው ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ልቡ ቸኩሎ የሚያዝን ሰው።

«እቴ ዘይነብ፣ ምን አደረገችሽ?»

«ማን?»

«ታንኳዋ ናታ!»

«አባባ ወጥተው እንዳይቀሩ ነው።»

«እና ትበስብስ?»

«ትበስብስ።»

«ጎርጎራ እንዲህ ነው የምታደርጉት?»

«ጎርጎራማ በቤታችን ነበርን።»

«እዚህስ በማን ቤት ናችሁ? በእኔ አይደለም?» ብሎኝ ተቀይሞ ሄደ።

በኋላ ትንሿ ልጄ ወባ ያዛት። ከአጠገቧ ሳልነሣ ሰነበትሁ፤ ታንኳዋን ማን አስቧት። ትኩሳቱ በለቀቃት ማለዳ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ገንቦዬን ይዤ ብወጣ፣ ታንኳዋም የለች፣ አባባም የሉ።

«አለባቸው! ታንኳዋ የታለች?»

«አቁሜልሽ ነበር እኮ! ልጅሽ ታማብሽ፣ ታንኳዋስ ለምን ትበስብስ ብዬ። ደርቃ ላባ ሆናልሻለች!» አለኝ፣ ምርቃት ሊቀበል ፈገግ ብሎ። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

አለባቸው ከእድሪስ ጋር በራሱ ታንኳ ላይ ዘለለ። «ወደ ዘጌ ነው! የጎርጎራ መንገድ እሱ ነው» ይላል። እኔ ዳር ቆሜ ውኃውን ሳይ ፀሐይ ቀኝ ጉንጬን ታቃጥለኛለች። ያን ጊዜ ገባኝ።

«እድሪስ! ፀሐይን በግራቸው ነው የሚያደርጉት!»

እድሪስ በመቅዘፊያው ታንኳውን አዞረ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጧት ከቤት ሲወጡ ፀሐይን በግራ አድርገው ነው የቀዘፉት። ዳርቻውን ተከትለው እሷ በግራ የምትሆንበትን፣ ማለት ወደ ደቡብ የሚወስደውን ውኃ ይፈልጋሉ። ታንኳ ይዞ ወደ ደቡብ የሚሄድ ውኃ ደግሞ እዚህ አገር አንድ ብቻ ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት። ዓባይ የያዘውን ወደ ድንጋዩና ወደ ፏፏቴው ይዞት ይሄዳል እንጂ አይመልስም።

ፀሐይን ፊት ለፊት እያየሁ በዳርቻው ሮጥሁ። ነጠላዬ የቱ ቁጥቋጦ ላይ እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወንዙ አፍ ሳልደርስ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ተኩሱን እየጠበቅሁ ጆሮዬን ያዝሁ። ሞቶስካፎው ቀስ ብሎ በደንገሉ መሐል ብቅ አለ። በገመድ የአባባን ታንኳ ይጎትታል። አባባ ታንኳቸው ላይ ቆመው፣ መቅዘፊያቸውን አንሥተው፣ ወታደሮቹን ወደ ግራ በሉ፣ ወደ ቀኝ በሉ እያሉ ያዟቸዋል።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

«ኧረ ዘይኔ፣ እነዚህ ምስኪኖች! ታንኳ በብረት ሠርተው ውኃ ሲወስዳቸው አገኘኋቸው። በገመድ አስሬ እያወጣኋቸው ነው።»

ወደብ ላይ ካፒታኖው፣ የወታደሮቹ አለቃ፣ አስተርጓሚውን ይዞ ቆሟል።

«ፐርሜሶዎ የታለ?» አለ አስተርጓሚው።

«እኔ አሻጋሪ ነኝ። መንገደኞቹ እነሱ ናቸው፤ እነሱን ጠይቅ» አሉ አባባ።

«የሚኖሩት የት ነው?»

«ጎርጎራ።»

«ዛሬ ከየት ተነሡ?»

«ከጎርጎራ።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«ጎርጎራ ነዋ!»

«አሁን ያሉትስ የት ነው?»

አባባ አዘኑለት። «ልጄ፣ አገሩን አታውቀውም መሰለኝ። ጎርጎራ ነህ።»

እኔ መሐል ገባሁ። «ጌታዬ፣ ይረሳሉ። ሕግ መጣሳቸው አይደለም።»

አስተርጓሚው ተርጉሞ መለሰልኝ። «ለመርሳትም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ታንኳዋ ትቃጠላለች።»

«ብታቃጥሏት የሌላ ሰው ይወስዳሉ። የምትጠብቃቸው እሷ ናት!»

«ታንኳ ሰው ትጠብቃለች?»

«ርጥብ ስትሆን ትጠብቃለች።»

ካፒታኖው ይህን ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። ገመዱ እንዲፈታ አዘዘና ለአባባ ወደ ውኃው አመለከታቸው፤ ይሂዱ፣ እንይ ማለቱ ነው። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ታንኳዋ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ላይ ናት፣ ሲጎትቷትም ሞልቶባታል፤ ግን አባባ ዛሬ ይህንንም ረስተውት እንደሆነስ? 

አባባ ጎንበስ ብለው አፍንጫዋን ብድግ አደረጉ። መዘኑ። ካፒታኖውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«በዚች? ይህን ልጅ ታንኳ ያስተማረው ማን ነው? ተሳፋሪህ ሁሉ ያልቅብሃል! ትቁምና ትድረቅ። ነገ።»

አስተርጓሚው ምኑን እንደተረጎመው አላውቅም። ካፒታኖው ሳቀ። «ዶማኒ» አለ፤ በነሱ አፍ ነገ ማለት ነው፤ ታንኳዋንም ተወልን።

«አዎ፣ ዶማኒ» አሉ አባባ፣ ጣልያን ቤት ያደጉ ይመስል። ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀድመውኝ ሄዱ፤ ቤታችን በቀኝ ነው፣ እሳቸው በግራ። ክንዳቸውን ይዤ መለስኋቸው።

አለባቸው ያን ሰሞን ፊቴን ሸሸ። ከዚያ አንድ ጧት ብወጣ ገንቦ ተሸክሞ ታንኳዋን ሲያረጥብ አገኘሁት። ለዳርቻው ሰው ሁሉ፣ የዘይነብን ታንኳ ያቆመ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ተናገረ። ስትበሰብስም ከአባባ ጋር ተቀምጦ ሌላ ሠራ። «ለመበስበስ ታንኳ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው» ይላል። አባባ ቋጠሮውን ያርሙታል።

አሁን ጣልያን ሄዷል። ሐይቁ ላይ ፐርሜሶ የሚል የለም። በቀደም ከእናንተ በኩል የቆላ ድባ እህል ነጋዴ መጥቶ የላካችሁትን መልእክት ነገረን፤ ኑ፣ ከዳርቻው ከፍ ብላችሁ ቤት ሥሩ ብላችኋል። እድሪስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔም አስባለሁ። የዚያን አገር የማታ ነፋስ አስባለሁ። ግን አባባን አድርሼ፣ ቤታቸው በነበረበት የወደብ ሲሚንቶ ላይ አቁሜያቸው፣ «ጎርጎራ የት ነው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? እዚህ ሆነው ጎርጎራ ነገ ናት። ስለዚህ ነጋዴውን «ታንኳችን አልደረቀችም በልልን» አልሁት። «በዚህ ፀሐይ?» ብሎ ሰማዩን አየ።

ሰሞኑን አባባ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት ስላልወጡ ታንኳዋን ማርጠብ ትተን ነበር። ትናንት ማለዳ ተሽሏቸው ተነሡ። ገንቦዬን ሞልቼ ቀደምኋቸው። ዳርቻው ላይ ሰው የለም። ገንቦውን አስቀመጥሁና አፍንጫዋን እንደ እሳቸው ብድግ አደረግሁ። ደርቃለች። በአንድ እጄ ተነሣችልኝ። እንደያዝኋት ቆምሁ፤ ማዶው በጉም ተሸፍኗል፣ በዚያ በኩል ግን እናንተ አላችሁ።

አባባ ከኋላዬ ደርሰው ኖሯል።

«እንዴት ናት፣ ዘይኔ?»

«ገና ናት፣ አባባ» አልሁና ገንቦዬን ታንኳዋ ላይ ዘቀዘቅሁት።