ወይራዬና የአባባ መፋቂያ

ዘንድሮ የበልግ ዝናብ የመጣው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ደብድቦ ሄደ። እሑድ ጠዋት ከክፍሌ ወጥቼ ዛፎቼ ጋ ስደርስ ሾላዋ ጫፍ ጫፏ ቀላ ብሎ አብጧል። ጽዱ ከግራጫነቱ ወጥቶ አረንጓዴ መምሰል ጀምሯል። ግራሯ ብቻ እንደደረቀች ናት፤ እሷ ሁልጊዜም ከሰው ኋላ ነው የምትነሳው።

ዛፎቼ አሥራ አንድ ናቸው። ትልቁ ጉልበቴ አይደርስም። ቦንሳይ ይባላል። ዛፉን ትንሽ ዕቃ ውስጥ ተክሎ፣ ሥሩንም ቅርንጫፉንም እየከረከሙ፣ ትልቅ ዛፍ መስሎ ትንሽ እንደሆነ እንዲኖር ማድረግ ነው። የተማርኩት ከስልክ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ዛፍ ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። የሚናገሩት ቋንቋ አይገባኝም፤ እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛም አላነበውም። እጃቸውን ግን አያለሁ። ሲቆርጡ ስልኩን አቆመዋለሁ፤ መልሼ አያለሁ፤ ከዚያ መቀሴን ይዤ እወጣለሁ። መጀመሪያ የሠራኋቸው አራቱ ሞተውብኛል።

የምኖረው ዓለም ባንክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ቀን ቀን ልብስ ስፌት ቤት የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው ኦቨርሎክ መኪና እሠራለሁ። ግቢው ውስጥ ትልቁ ቤት የአከራያችን የእትዬ ነው፤ ከጀርባው ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላው የእትዬ አባት የአባባ ነው። የጠዋት ፀሐይ በደንብ የሚያርፈው በሁለታችን መካከል ባለው ዝቅተኛ ግንብ ላይ ስለሆነ ዛፎቼ የተደረደሩት እዚያ ነው።

እትዬ ባለፉ ቁጥር በነገር ይነኩኛል።

"እነዚህ ልጆችሽ መቼ ነው የሚያድጉት? የእኔ ጎመን ከእነሱ ኋላ ተተክሎ ስንቴ ተበላ።"

እኔ እስቃለሁ እንጂ አልመልስም። ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ፌርማታዬን አልፌ የወረድኩበት ቀን ብዙ ነው። ሌላ ሰው ወራጅ ካለ አብሬ ዱብ እላለሁ፤ ካላለ በእግሬ እመለሳለሁ። ቅርንጫፍ የማጎብጥበትን የመዳብ ሽቦ የሚሰጠኝ አየር ጤና ያለ የተቃጠለ ሞተር ጠምጣሚ ነው። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ቆሜ፣ "ምን ፈለግሽ?" ሲለኝ "ምንም" ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ወለሉ ላይ የወዳደቀውን ቁርጥራጭ በጣቴ አሳየሁት። አሁን ገና ሲያየኝ በፌስታል ጠቅልሎ ያቀብለኛል።

ከዛፎቼ ሁሉ የምሳሳለት ወይራው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰፈራችን መንገድ ሲቆፈር ዶዘር ነቅሎ የጣለው ጉቶ ነበር። ግንዱ የክንዴን ያህል ወፍራም፣ አንድ ጎኑ የተቦረቦረ፣ ጠማማ። ስለከበደኝ በነጠላዬ አዘልኩት። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ሕፃኑን ልታይ ጠጋ ብላ አጮለቀች፤ ሥሩን ስታይ "በስመ አብ" ብላ ወደ ኋላ አለች።

አባባ መፋቂያቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው በር ላይ ቆመው ነበር። አባባ የጎጃም ሰው ናቸው። ጥርሳቸው አንድም አልጎደለም፤ ይህንንም ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ይናገራሉ።

"ምን ወልደሽ መጣሽ ደግሞ?" አሉኝ።

"ወይራ ነው አባባ።"

መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡት። "ወይራ? እሰይ። ለመፋቂያ ነው አይደል? የሚሸጡት ሁሉ እኮ ደረቅ ሆነ፤ ድድ ይወጋል። ለእኔ ብለሽ ነዋ ያመጣሽው።"

"እሺ አባባ" አልኩ።

እሺ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አፌ ላይ የሚቀርበኝ ቃል እሱ ነው። አባባ መርቀውኝ ገቡ፤ እኔም ጉቶውን ጎኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ተከልኩት። ሳፋውን ከቆራሌው ነው ያገኘሁት፤ ከታች በምስማር በሳሳሁት።

በሦስት ዓመት ውስጥ ወይራው ዛፍ ሆነ። በግራ በኩል ከግንዱ የወጣ አንድ ቅርንጫፍ አለው። ወደ ታች ጎንበስ ይልና ጫፉ ላይ መልሶ ቀና ይላል። ገና ለጋ ሳለ ጀምሬ በሽቦ እየጠመጠምኩ፣ እያላላሁ፣ እንደገና እየጠመጠምኩ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። ወይራው ያለ እሱ ጉቶ ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቅርንጫፎች እንደ ልባቸው እንዲያድጉ ትቻቸው ነበር። እነሱ ግንዱን ያወፍራሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ መቆረጣቸው አይቀርም። የቀረው ሁሉ ገና ክብሪት እንጨት የሚያህል ነው።

በዚያ እሑድ ከሁለቱ ረጃጅም አንዱ የለም።

አቆራረጡ ንጹሕ ነው፤ ሰያፍ፣ በስል ቢላ። ቀና ስል አባባ በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አፋቸው ውስጥ ስንዝር የሚያህል አዲስ መፋቂያ አለ።

"ደርሷል እኮ ልጄ" አሉኝ። "ሦስት ዓመት ስጠብቀው ከረምኩ። ዛሬ ቀመስኩት፤ ቅቤ ነው።"

"እሺ አባባ።"

አልተናደድኩም፤ የሚቆረጠውን ነው የቆረጡት። ግን የገባኝ ነገር አስደነገጠኝ። አባባ መፋቂያ የሚቆርጡት እርሳስ የሚያህለውን እየመረጡ ነው። እርሳስ የሚያህሉት ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ሄዷል፤ ሦስተኛው የግራው ነው።

አንድ መፋቂያ አባባን አሥር ቀን ገደማ ያገለግላቸዋል። ጫፉ ሲበጣጠስ በቢላቸው ቆርጠው ይጥሉና አዲሱን ጫፍ ያኝኩታል። ስለዚህ በየቀኑ ያጥራል። እኔም ጠዋት ጠዋት ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ማየት ትቼ መፋቂያውን መለካት ጀመርኩ።

ሥራው ደግሞ የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ዛፍ ሲነቃ አይጠብቅም። ጽዱን ከዕቃው አውጥቼ ሥሩን ከረከምኩለት፤ አዲስ አፈር ከአሸዋ ጋር ነፍቼ መለስኩት። የሾላዋን ለጋ ቅጠል በጥፍሬ ቀነጠብኩ፤ ካልተቀነጠበ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቅጠል ታወጣና ዛፍነቷ ይጠፋል። ጠዋትና ማታ ክዳኑን በመርፌ በበሳሁት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አርከፈክፋለሁ። የወይራው የግራ ቅርንጫፍ እየወፈረ ሲሄድ ሽቦው ልጡን መንከስ ጀምሯል። መፍታት ነበረብኝ፤ ግን ሽቦው ካለ አባባ ለመቁረጥ ያስቸግራቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። የማይረባ ሐሳብ ነው። ለአባባ መናገር የምትፈራ ሴት የምታስበው ይህን ነው።

በአሥረኛው ቀን ሁለተኛው ረጅም ቅርንጫፍም ሄደ።

ያን ቀን ሳፋውን አዞርኩት፤ የግራው ቅርንጫፍ ወደ ጓሮ እንዲዞርና እንዳይታይ። ማታ ከሥራ ስመለስ ወደ ቦታው ተመልሷል።

"በአንድ ጎኑ ፀሐይ እያጣ ነበር፤ አዞርኩልሽ" አሉኝ አባባ።

በማግሥቱ ከጉሊት ሦስት መፋቂያ ገዝቼ፣ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ መስኮታቸው ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሮጥኩ። ማታ ስገባ መፋቂያዎቹ በክር ታስረው የግቢው በር ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል።

"ሰው ረስቶት ሄዶ ነው" አሉ አባባ። "የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰደው።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንቺ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን አባባ ወጪ ገቢውን ሁሉ የመፋቂያ ባለቤት መሆኑን ሲጠይቁ ዋሉ። ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ አልቀረም። እኔ በዚያ መሃል በልቤ ንግግር አዘጋጃለሁ። ኦቨርሎኩ ላይ ተቀምጬ፣ "አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር" ብዬ እጀምራለሁ፤ ስፌቱ ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። ግቢ ስገባ የለም። አንዴ እንዲያውም እፊታቸው ደርሼ፣ "አባባ" አልኩ።

"አቤት ልጄ።"

"እንደምን ዋሉ?"

"ይመስገን፤ አንቺስ?"

"እሺ አባባ" ብዬ ገባሁ።

መፋቂያው ጣት አከለ። ከዚያ ግማሽ ጣት።

የሆነው ዓርብ ጠዋት ነው። ቧንቧው ጋ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የአባባ ቢላ ሲከፈት የሚሰማው ነው። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እንዳለ ዞርኩ። አባባ ወይራው ላይ ጎንበስ ብለዋል። በግራ እጃቸው የግራውን ቅርንጫፍ ይዘውታል፤ ሽቦው መሃል ቢላ የሚገባበት ቦታ እየፈለጉ ነው።

"አባባ፣ ተዉት!"

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። አባባ ቢላውን ወደ ላይ እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ማማሰያ ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ።

"ምንድነው? እባብ ነው?"

"እባብ አይደለም" አልኩ። ሳሙናው እያቃጠለኝ ስለነበር የአባባን ፊት በደንብ አላየሁትም፤ ይመስለኛል የረዳኝ እሱ ነው። "ያንን ቅርንጫፍ አይቁረጡብኝ።"

"የደረሰው እኮ ይሄ ነው" አሉ አባባ። "ሌላው ገና ነው።"

"አውቃለሁ። አባባ፣ ወይራውን ለመፋቂያ አይደለም የተከልኩት።"

"አይደለም?"

"አይደለም።"

"እሺ ብለሽኝ አልነበር?"

"አፍሬ ነው።"

አባባ ቢላውን አጠፉት። "ሦስት ዓመት ሙሉ?"

እትዬ ማማሰያውን እንደያዙ በሩን ተደግፈው መሳቅ ጀመሩ። "አባዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ወራጅ ማለት አፍራ አስኮ ድረስ ሄዳ የተመለሰች ናት።"

አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፣ "የበሩ ላይ መፋቂያም የእኔ ነው" አልኩ። "ለእርስዎ ነው የገዛሁት።"

እትዬ ይሄን ጊዜ ወጥ ቤት ገብተው ነው የሳቁት፤ ከውስጥ ይሰማል።

አባባ ግን አልሳቁም። ተቀየሙኝ ብዬ ፈራሁ። ዱካቸውን ጎትተው አምጥተው ወይራው ፊት ተቀመጡ።

"ታዲያ ለምንድነው የተከልሽው?"

"ለማየት።"

"ለማየት ብቻ?"

"አዎ።"

"እስኪ አሳዪኝ። ከየት ወገን ነው የሚታየው?"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ወይራ የሚታየው ዓይን ከግንዱ ትክክል ሲሆን ነው፤ ከላይ ሲያዩት ቁጥቋጦ ነው። አባባ ደግሞ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያዬን ባልዲ ደፍቼ ወይራውን በላዩ አስቀመጥኩላቸው፤ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞርኩት። በሁለቱም ዓይናቸው አዩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

"እንዴ" አሉ ቆይተው። "ዛፍ ነው እኮ።"

"አዎ አባባ።"

"ከሥሩ ከብት ቢቆም ከብቱ ጉንዳን ያህል ነው የሚሆነው።"

"አዎ።"

"ይሄን ልቆርጥ ነበር።" በጣታቸው የግራውን ቅርንጫፍ ሳይነኩ አሳዩ። ከዚያ በድንገት ወደ እኔ ዞሩ። "የፊተኞቹን ሁለቱን ስቆርጥስ ምነው ዝም አልሽ?"

"እነሱ የሚቆረጡ ነበሩ። ጥሩ አድርገው ነው የቆረጧቸው። እኔ እንኳ እንደዚያ ሰያፍ አድርጌ አልቆርጣቸውም ነበር።"

ይሄን ስል አባባ ቀና ብለው ተቀመጡ። "ሰማሽ?" አሉ ወደ ወጥ ቤት። "ሳላውቅም ባለሙያ ነኝ።"

"ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ ከውስጥ። "አሁን ደግሞ ጎመኔን እንዳትከረክሙብኝ።"

ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ ግን ሽቦው ከዚያ በላይ መቆየት አይችልም። መቁረጫዬን አምጥቼ ጀመርኩ። ሽቦ ሲፈታ አይተረተርም፤ ከተተረተረ ቅርንጫፉ ይሰበራል። በየዙሩ እየቆረጡ አንድ በአንድ ማንሳት ነው። አባባ ሳፋውን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሽቦው ሲወጣ ቅርንጫፉ ባስተማርኩት ቦታ እንደሚቀር፣ አንዳንዱ ግን ተፈናጥሮ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ፣ ያንን ደግሞ ሽቦው ካልተነሳ ማወቅ እንደማይቻል ነገርኳቸው። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ቃል ለአባባ ተናግሬ አላውቅም።

"ይሄኛውስ?" አሉኝ።

"አላውቅም አባባ።"

የመጨረሻውን ዙር ቆርጬ አነሳሁት። ልጡ ላይ የሽቦው መንገድ እንደ ጠባሳ ዞሮ ይታያል። ቅርንጫፉ ጥቂት ብድግ አለ። ከዚያ ቆመ። ትንሽ ጠበቅን፤ ከዚያ በላይ አልተነሳም።