ለማርታ ያልነገርኳት ኪችን

ከአገር የወጣሁ ማታ ማርታ አላለቀሰችም። ከሐዋሳ እስከ ቦሌ አብራኝ መጥታ፣ መግቢያው በር ላይ ኮሌታዬን እያስተካከለች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እዚያ የሚቀበልህን ሰው በደንብ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። አላውቀውም ነበር፤ አውቀዋለሁ አልኳት። እሷ አላመነችኝም፣ እኔም አለማመኗን አይቼ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ የምንዋደደው እንዲሁ ነው።

ያኔ እጮኛሞች ነበርን፤ ዲቪው የደረሰው ለኔ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ አገባኋትና ሦስት ሳምንት አብረን ቆየን። ከዚያ እሷ ሐዋሳ ፋርማሲዋ ውስጥ፣ እኔ አትላንታ፣ የቪዛው ፕሮሰስ ደግሞ በመሃላችን።

ኤርፖርት የተቀበሉኝ ሰው የአጎቴ የድሮ ወዳጅ አቶ ወርቁ ናቸው። ሰላም ከማለታቸው በፊት ፓስፖርቴን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ የሌላ ሰው ልጅ ይዘው እንዳይሄዱ ነው። መኪና ውስጥ ስንገባ «እዚህ አገር ሰው አይታመንም፤ በተለይ የኛ ሰው» አሉኝ። እርስዎስ ብላቸው ሞተሩን እያስነሱ «እኔንም ቢሆን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሰማሁት ምክር ሁሉ እሱን ብቻ ነው ሳልረሳ የያዝኩት፤ ያጠፋኝም እሱ ነው።

አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል ያለው ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል አከራዩኝ። ኪችኑ ሳሎኑ መሃል ነው። እኛ ኩሽናን ከቤት ጀርባ አርቀን ስንሠራ የምናውቀው ነገር ቢኖር ነው፤ እዚህ ግን ሽንኩርት ስትቆርጥ ሶፋው አብሮህ ያለቅሳል። አቶ ወርቁ ምንጣፋቸውን ይሳሱለት ነበር።

«ማብሰል ትችላለህ» አሉኝ። «ሽታ ግን አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ ሽንኩርት ሳይሸት እንዴት ይቁላላል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

እንግዲህ ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ትኩስ ትኩሱን ሲበላ ያደገ ሰው፣ አምስት ዓመት መስኮት ስር ቆሞ የቆርቆሮ ቱና በላ። ማርታ በስልክ ምን በላህ ስትለኝ ወጥ እላት ነበር። ውሸት በዚህ ጀመረ፤ ትንሽና ሽታ የሌለው።

ሥራዬ ከዚያ ራቅ ባለችው ኮንየርስ ከተማ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት መንዳት ነው። ጠዋትና ማታ ሃይዌዩ ላይ ዕድሜዬ ሲያልቅ አይቼ፣ እዚያው ኮንየርስ ትንሽ ቤት ገዛሁ። ርካሽ የሆነው ኪችን ስላልነበረው ነው። የቀድሞው ባለቤት ቤቱን ባንክ ሲወስድበት ካቢኔቱን ነቅሎ፣ ምድጃውን ጭኖ ሄዷል። የቀረው ሁለት የውኃ ቱቦና ግድግዳው ላይ የተደረደረ ቀዳዳ ብቻ ነበር። አሻሻጯ «ፖቴንሻል አለው» አለችኝ። ይህቺ አገር የሌለ ነገር እንዳለ አድርጋ የምትጠራበት ቃል አታጣም።

ቤቱን መግዛቴን ለማርታ አልነገርኳትም። ኪችኑ ሲያልቅ ላስገርማት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ የሚያነበው ሰው አያውቀኝም። ቤት እንዳለኝ ካወቀች የምትመጣው ለኔ ይሁን ለቤቱ በምን አውቃለሁ ብዬ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀችኝን ሴት እንዲህ ጠረጠርኳት።

ኪችኑን ከትልቅ የዕቃ መደብር፣ በካርቶን ተፈትቶ ከሚሸጠው ገዛሁ። አንዲት ወጣት ሻጭ ኮምፒውተር ላይ ልንደፍልህ፣ ነጻ ነው አለችኝ። ነጻ የሚለውን ስሰማ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ልጅቷ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ማን ያበስላል፣ ቀኝ ነው ወይስ ግራ እጅ የሚጠቀመው እያለች ስትጠይቀኝ የቪዛ ኢንተርቪው ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። «ባለቤቴ በፕሮሰስ ላይ ናት» ብዬ መለስኩ። ግራ ገባት፤ ሁለት ሰው ብላ ጻፈች። ቀለም ምረጥ ስትለኝ ነጭ አልኩ። ነጭ ላይ ምንም አይደበቅም።

ዕቃው በመጣ ቀን ሾፌሩ ሳይን አድርግ አለኝ። ሳልቆጥር አልፈርምም አልኩ። አርባ አራት ካርቶን ይላል ወረቀቱ፣ እኔ የቆጠርኩት አርባ ሦስት ነው። ሾፌሩ ማለ፣ ሰዓቱን አየ፣ አለቃው ጋ ደወለ። ሦስተኛ ስቆጥር ሁለቱ ቀጫጭን ካርቶኖች በአንድ ፕላስቲክ ታሽገው አገኘኋቸው። ፈረምኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ለዚያ ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ኪችን የሚገጥም ጎበዝ የኛ ሰው አለ ብሎ ስልክ ሰጠኝ። ቴክስት ተጻጻፍን፣ ቅዳሜ ጠዋት ተባባልን። ቅዳሜ ነጭ ቫን መጥቶ በሬ ላይ ፓርክ አደረገ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ድሪል ይዛ ወረደች። ፋንታዬ እባላለሁ አለችኝ።

«ሰውየው የት አለ?» አልኳት።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ገጣሚው።»

«እኔ ነኝ ወንድሜ። ካልፈለግክ መሣሪያዬን ሳላወርድ ንገረኝ፤ ከባድ ነው።»

አስገባኋት። የፊት በሩን ልዘጋ ስል ክፍት ይሁን አለችኝ። እህቷ በስልኳ የት እንዳለች እያየች እንደሆነም ነገረችኝ። እኔ እሷን ስጠረጥር እሷም ቀድማ እኔን ጠርጥራ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ በኋላ ሳስበው ከማያውቁት ወንድ ጋር ባዶ ቤት መግባት ቀላል አይደለም።

ሥራዋን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ረጅም ብረት አሰረች፤ ካቢኔቶቹ እሱ ላይ ነው የሚሰቀሉት። ግድግዳው ጠማማ ነው ብላ ከኋላው ስስ እንጨት ሸጎጠች። እኔ የራሴን ውኃ ልክ ገዝቼ ነበርና ዞር ስትል ለካሁባት። የኔ ጠማማ አለ። አየችኝ፤ የኔን ተቀብላ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ጠማማ አለ። የተበላሸው የገዛሁት ውኃ ልክ ነበር። መልሳ ሰጠችኝ።

ከቀትር በፊት የላይኛውን ትልቅ ካቢኔት አብረን አንስተን ሳለ ማርታ ደወለች። ስልኩ ወለሉ ላይ ካርቶን ላይ ነበር፤ ላጠፋው ብዬ በእግሬ ጣት ስነካው ስፒከሩ በርቶ ተነሳ። ማርታ ሄሎ ከማለቷ ፋንታዬ ከጎኔ፣ «ያዘኝ! አትልቀቅ፤ ትንሽ ወደ ላይ» አለች። ያዘኝ ያለችው ያዝልኝ ለማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ባህር ማዶ ላለች ሚስት አይተረጎምም።

«ማን ናት?» አለች ማርታ።

እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቤቱ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ጓደኛዬ ቤት ነኝ፣ ኪችን ሲያስገጥም እየረዳሁት ነው፣ ሴትዮዋ ገጣሚዋ ናት አልኳት።

«ሴት?» አለችኝ፣ ልክ እኔ ጠዋት እንዳሰብኩት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ፋንታዬ ሁሉንም ሰምታለች። ብሎኑን አጥብቃ ስትጨርስ ብቻ «ጓደኛህ ቤቱ ቆንጆ ነው» አለችኝ።

በቀጣዩ ሐሙስ ማርታ አዲስ አበባ፣ ኤምባሲ ኢንተርቪው ነበራት። አንድ ዓመት የጠበቅነው ቀን ነው። ስለ ሠርጋችን፣ ስለ እናቴ ስም፣ ስለ ሥራዬ ሁሉ አጥንታለች። የጠየቋት ግን ባልሽ የት ነው የሚኖረው ብለው ነው። ዶራቪል አለች። ጠያቂዋ ወረቀቱን አይታ፣ እዚህ የተጻፈው ኮንየርስ ነው አለቻት። ለጠበቃዬ አዲሱን አድራሻ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለሚስቴ ያልሰጠሁትም እኔው። ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል የሚል ወረቀት ይዛ ወጣች። እስከ መቼ ብላ ብትጠይቅ እንደውልልሻለን ተባለች።

ይህን የነገረችኝ ሳትጮህ ነው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቤቱን፣ ኪችኑን፣ የጠረጠርኳትን ሳይቀር። ሰምታኝ ስትጨርስ ቪዲዮ ክፈት አለች። ከፈትኩ።

«ካቢኔቶቹን አሳየኝ» አለች። «አንድ በአንድ ክፈታቸው።»

ምን እንደምትፈልግ ገባኝ። የሌላ ሴት ሳህን፣ የሌላ ሴት ቅመም፣ አንድ ጥንድ ስኒ። ከመስኮቱ ጀምሬ እየከፈትኩ ስልኩን ወደ ውስጥ አስገባሁ። የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ ስምንቱን መሳቢያ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ተሽከርካሪ መደርደሪያ ሳይቀር። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባዶ። አንዱ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ነበር፤ እሱንም አስጠግተህ አሳየኝ አለችኝ። አሳየኋት።

«በምንድን ነው የምትበላው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንድ ሹካ አለኝ። ዕቃውን አንቺ ስትመጪ ትመርጪያለሽ ብዬ ነው።»

«ዕቃውን እንድመርጥ ትተህልኝ ነው? ቤቱን ሳትጠይቀኝ፣ ቀለሙን ሳትጠይቀኝ?» ከዚያ የገጣሚዋን ስልክ ላክልኝ አለች።

ላክሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ።

ፋንታዬ በሁለተኛው ቅዳሜ የቀሩትን በሮችና የእጅ መያዣዎች ልትጨርስ መጣች። የፊት በሩን ዘግታ ገባች፤ ልብ አልኩት። ማርታ ደውላላት እንደሆነ ልጠይቃት አፈርኩና ብሎን እያቀበልኩ ቆምኩ። ሥራዋን ጨርሳ ዕቃዋን ስትሰበስብ ራሷ ነገረችኝ።

«ሚስትህ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ።»

«ምን አለችሽ?»

«ስላንተ ምንም አልጠየቀችኝም። ይሄ ሥራ በስንት ጊዜ ይለመዳል አለችኝ። ሴት ብቻዋን ቫን መግዛት ትችላለች ወይ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እውነቱን ነዋ» ብላ ድሪሏን በሳጥኑ ከተተች።

ከሄደች በኋላ ካውንተሩን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ማርታ ይህን የጠየቀችው መምጣቱን እያሰበች ስለሆነ ነው ብዬ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቫን የምትገዛው ከኔ ጋር ለመኖር ነው ወይስ ያለኔ ለመኖር እላለሁ። ይህን ጥርጣሬ ደግሞ ደብቄ ላኑረው? አልኩና ልነግራት ደወልኩላት። መስመሩ ተይዟል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ እንደገና ደወልኩ፤ አሁንም ተይዟል። ፋንታዬ ጋ ደወልኩ።

የሷም ተይዟል።