የማሾዋ ጠያቂ

ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በናሙና መዝገቡ «የተቃጠለበት ቀን» የሚለው ዓምድ ሳይሞላ ቀረ። ኮምቦልቻ ያለው ቤተ ሙከራ ወደ ውጭ የሚላክ እህል ዘረመሉ አለመለወጡን ሲመረምር ግማሹን ናሙና ይፈጫል፤ ግማሹን ገዢ ቢከራከር ብሎ ስድስት ወር አሽጎ ያቆይና ያቃጥላል።

አንድ ሽማግሌ ከታሸጉት አንዷን፣ የማሾዋን ከረጢት ሊጠይቁ ሰኞ ሰኞ ከደሴ ይወርዳሉ። ኮፊያቸው የነጣ፣ የኮታቸው ብቸኛ ቁልፍ በቀይ ክር የተሰፋ ነው።

«እንዴት አደረች?»

«በአሥራ ስምንት ዲግሪ፤ ደኅና ናት፣ አባቴ» ትላለች መዝገብ ያዥዋ ሀስና። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ጠያቂ የሚመጣው ለማሾዋ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዕለት የዘሩን ምንጭ ብትጠይቃቸው፣ ከሟች ሚስታቸው ጀምረው ሰባት ቤት ቆጠሩላት። ልጃቸው ጎተራውን ጠርጎ ወደ ውጭ ለሚልክ ነጋዴ ስለሸጠው፣ ከሚስታቸው ዘር የተረፈው በከረጢቷ ያለው ብቻ ነው።

ያን ሰኞ ስድስት ወሩ ሞላ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ አታቃጥያት።»

«መመሪያው ‹ይወገድ› ይላል፣ አባቴ።»

«እንግዲያ እኔው አፈር ላልብሳት። ባለቤቴንም ያለበስኳት እኔው ነኝ።»

ሀስና መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበች። አፈር አይከለክልም። ከረጢቷን ሰጥታቸው በመስኮት ስታይ፣ ሽማግሌው ከበሩ ማዶ ከተቀመጠ ሻጭ አንድ የዶማ እጀታ ጨብጠው ሞከሩና ገዙ።